የምስማሮቹ ጀልባ

ጣሊያን ባሕር ዳር ባለችው ከተማችን ኪዮጃ ውስጥ ግማሹ ሰው ቦስኮሎ ይባላል፣ ግማሹ ቲዮዞ። ስለዚህ የቤተሰብ ስም እዚህ ምንም አይፈይድም። ፖስታ የሚያድለው ሰውዬ ሳይቀር የሚለየን በቅጽል ስማችን ነው። እኔ ቁራ ነኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ዲርቼ ነበር፤ ግን ከተማውን ሰንጥቆ በሚያልፈው በቬና ቦይ ዳር ዓሣ ስሸጥ በምጮኸው ጩኸት ገና በልጅነቴ ቁራ አሉኝ፣ ቁራ ሆኜም አረጀሁ።

ከመደቤ ፊት ለፊት፣ ከቦዩ ማዶ ያለው ቀይ ቤት የምስማሮቹ ቤት ነው። ከቅድመ አያቶቻቸው አንዱ ማዕበል ሲመጣ ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሱ "ጀልባዬን ጥዬ አልወርድም" ብሎ እንደተመታ ምስማር እዚያው ቀረ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዘሩ በሙሉ ምስማር ነው። እነሱን ለሚያውቅ ሰው ስሙ ሲያንሳቸው ነው።

ቤቱ ውስጥ ብቻውን የሚኖረው ጋሽ አምፔሊዮ ነው። ዕድሜውን ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ፣ ጠዋት አንድ ቃል ማታ አንድ ቃል የሚናገር ሽማግሌ ነው። ታላቅ እህቱ እትዬ ኦሊቫ ደግሞ ገና በወጣትነቷ ለአንድ የባቡር ሠራተኛ ተድራ ፓዶቫ ገባች። ፓዶቫ በአውቶቡስ ሄደው ለምሳ የሚመለሱበት አገር ነው፤ ለነዚህ ለሁለቱ ግን ከአሜሪካ ይርቅ ነበር።

የተኳረፉት በእናታቸው የተነሳ ነው። እናታቸው ኤልቪራ የታመመች ጊዜ ኦሊቫ መጥታ፣ "እዚህ እርጥበት ውስጥ ተኝታ አትድንም፤ ፓዶቫ ደህና ሐኪም አለ" ብላ ወሰደቻት። አሮጊቷ እዚያው ሞተች። አምፔሊዮ ሬሳውን ተቀብሎ ሲያበቃ፣ አፈሩ ገና ሳይደርቅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እናቴን ከውኃዋ ነጥለሽ ገደልሻት" አላት። እሷም ጥቁር ሻርፗን አጥብቃ ሄደች። ያኔ እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። አሁን የዚያ ልጅ ፀጉር ሸብቷል።

እንግዲህ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቀን ጠዋት ገበያው ደርቶ ሳለ፣ አንዲት ከዘራ የያዘች ሴት በድልድዩ ላይ ቀስ እያለች መጣች። ሰዎቹን የምታያቸው እንደ ዶሮ አንገቷን ወደ ጎን እየሰበረች ነው። መደቤ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ቁራ፣ አንቺ ነሽ አይደል? በጩኸትሽ ነው ያወቅኩሽ። ፊትሽ የለም።"

"እትዬ ኦሊቫ!" አልኩ። ቢላው ከእጄ ወደቀ። "ፊቴማ ድሮስ መቼ ነበረና።"

ጎንበስ ብላ ሳመችኝ፤ አንዱ ስሞሽ ጆሮዬ ላይ አረፈ። ወንበር ሰጠኋት። ከጎኔ መደብ ያለው ቱሊዮ፣ ሥራ ሲጠፋ በእኔ የሚያሾፈው ቱሊዮ፣ እንኳ አፉን ዘግቶ ቀረበ።

"ዓይኔ ከመሀል እየጠፋ ነው" አለች። "ዳር ዳሩ ይታየኛል። አንድን ነገር ደህና አድርጌ ልየው ብዬ ሳተኩርበት ግን ይጠፋል። ሐኪሙ በመርፌ ትንሽ አቆየው፤ አሁን መርፌውም ታክቶታል። ብርዱ ሳይገባ ዳሩም ይሄዳል ብሎኛል።"

"ልጅሽ ኤዚዮስ? ብቻሽን ለቀቀሽ?"

"ኤዚዮ ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ሥራ በላው። ከገና ጀምሮ ኪዮጃ ውሰደኝ እለዋለሁ፣ ነገ ይለኛል። ዛሬ ቢሮ ሲገባ ጠብቄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።"

"ምን ልታደርጊ ነው የመጣሽው?"

ከዘራዋን ወደ ውኃው ዘረጋች። "ቬናን ከጫፍ እስከ ጫፍ ላያት። ከዳር ቆሜ አይደለም፤ ከውኃው ላይ ሆኜ፣ በአባቴ ጀልባ።"

ቱሊዮ ቀልጠፍ ብሎ፣ "እትዬ፣ የኔ ጀልባ እዚሁ ታስራለች። ሞተር አላት። አሁኑኑ ወስጄ እስክትጠግቢ ላሳይሽ" አላት።

"ስለ አንተ ጀልባ ማን አነሳ? እግዜር ይስጥህ። በአባቴ ጀልባ ነው ያልኩት።"

የአባቷ ጀልባ ያለችው አምፔሊዮ ቤት፣ ከታች ባለው መጋዘን ውስጥ ነው። ስሟም በእናታቸው ስም ኤልቪራ ነው። ብትወጣም ሊቀዝፋት የሚችል እሱ ብቻ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ቱሊዮ ወደኔ ዞሮ ቅንድቡን ሰቀለ። እኔም ሽርጤን ፈትቼ ድልድዩን ተሻገርኩ።

አምፔሊዮ ደጁ ላይ ተቀምጦ የአተር እሸት ይፈለፍላል። አየኝ፤ አላየሁም አለ።

"ጋሼ፣ እህትህ መጥታለች።"

"እህት የለኝም።"

"እሺ፣ ያቺ የሌለችህ እህትህ መጥታለች። ዓይኗ ሊጠፋ ነው። ሳይጠፋ በአባታችሁ ጀልባ ቬናን ልይ ትላለች።"

አንድ አተር ከእጁ አመለጠና ተንከባሎ ውኃው ውስጥ ገባ። በዓይኑ ተከተለው።

"ጀልባዋ ደርቃለች በያት" አለኝ።

ቦዩ ጠባብ ነው፤ በማዶ ላስነጠሰ በወዲህ "ይማርህ" ይባላል። ኦሊቫ ከተቀመጠችበት ሆና፣ "ደርቃለች ነው የሚለው? ድሮም እሱ የያዘው ነገር ሁሉ ይደርቃል በይው!" ብላ ጮኸች።

"ሰማህ?" አልኩት።

"ምን አለች?" አለኝ፤ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ሰምቶ።

እንዲህ ተጀመረ። እኔ መሀል ገባሁ፤ ከዚያ መውጫ አጣሁ።

ኦሊቫ የሰጠኋትን ወንበር ራሷ ተሸክማ ድልድዩን ተሻገረችና ከወንድሟ በር ፊት፣ ሦስት እርምጃ ያህል ርቃ፣ ቦዩን ፊት ለፊት አድርጋ ተቀመጠች። አምፔሊዮ አተሩን ሰብስቦ ገባ፤ በሩንም ዘጋ። እሷ አልተነቃነቀችም። ፀሐይ ሲከር ቱሊዮ የዓሣ መሸጫውን ቀይ ጃንጥላ ወስዶ ተከለላት። እኔ በሽንኩርትና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሳርዲን ሰጠኋት። አምፔሊዮ በጓሮ በኩል ወጥቶ፣ በመንገዱ ዞሮ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ በጓሮ ተመለሰ። ሲመሽ እኔ ቤት አደረች፤ ጎህ ሲቀድ ወንበሯ ላይ ነበረች።

በማግሥቱ ዝናብ ዘነበ። "እትዬ፣ ተይ፣ ሳንባሽን ይመታሻል" አልኳት።

"ፓዶቫ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደርቄ ከምሞት እዚህ ረጥቤ ልሙት" አለችኝ።

ቀትር ላይ የአምፔሊዮ መስኮት ተከፈተና አንድ ሰሃን ሩዝ በአተር መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ፤ እንፋሎቱ ይወጣል። እሱ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ በቦዩ ማዶ ጠራኝ።

"ቁራ! ለድመቱ ነው በያት።"

ድመት የለውም። ኦሊቫ ሰሃኑን ዳብሳ አነሳች፤ እስከ መጨረሻው በላች፤ ማንኪያውንም ላሰች።

"ቁራ!" አለች። "ድመቱ ጨው በዝቶብኛል ብሏል በይው።"

ቱሊዮ ሲስቅ ሚዛኑ ላይ የነበረውን ዓሣ ጣለው። እኔ ግን የሷን ፊት አየሁት፤ አልሳቀችም። የመጣችበትን ነገር ሳታገኝ የምትስቅ ሴት አይደለችም።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ኤዚዮ ደረሰ። ኤዚዮ የኦሊቫ አንድ ልጇ ነው። ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ፣ ክራባት የሚያስር፣ ኪዮጃን በስም ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። እናቱን በዝናብ ውስጥ፣ የዓሣ ሻጭ ጃንጥላ ስር ሲያገኛት አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ።

"እማዬ፣ አብደሻል እንዴ? ሆስፒታል የቀረኝ የለም! ፖሊስ ጠርቻለሁ እኮ! ተነሺ፣ መኪናው ቆሟል።"

"ደህና ነኝ ብዬ ለጎረቤት ነግሬ ነው የመጣሁት። አልነሳም።"

"በቃ፣ ነገ ዕረፍት ወስጄ ራሴ አመጣሻለሁ። ነገ! ቃሌ ነው።"

ኦሊቫ ከዘራዋን ድንጋዩ ላይ መታች። ሲነግሩት ለማያምን ሰው እንደሚነገረው ቀስ ብላ ተናገረች።

"ስማኝ ልጄ። አያትህ ኤልቪራ እኔ ቤት፣ አንተ አሁን የምትተኛበት ክፍል ውስጥ ነው የሞተችው። አንተ ትምህርት ቤት ነበርክ፤ አታውቅም። ሐኪሙ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ትለምነኝ ነበር። 'ቬናን አሳዪኝ፣ ውኃውን አይቼ ልሙት' ትለኝ ነበር። እኔም ነገ እላት ነበር። ነገ ትንሽ ሲሻልሽ፣ ነገ ባሌ ዕረፍት ሲወጣ፣ ነገ ዝናቡ ሲያባራ። ነገ እንዳልኳት ሞተች። ይኸው እኔም ተራዬ ደረሰ። አንተ በእኔ ላይ ያንን እንድትደግመው አልፈቅድልህም። ለኔ ስል አይደለም፤ አንተ በኋላ እንዴት እንደምትተኛ ስለማውቅ ነው።"

ኤዚዮ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ቀና ስል የአምፔሊዮ የመስኮት መዝጊያ በጣት ያህል ተከፍቶ ነበር፤ ወዲያው ተዘጋ።

ኤዚዮ ያን ለት ማታ እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው ላይ ተኛ። እግሩ ከሶፋው ተርፎ ወጥቶ ነበር።

ጠዋት በብረት ጩኸት ነቃን። የምስማሮቹ መጋዘን በር፣ ስንት ዘመን ያልተከፈተው፣ እያቃሰተ ይከፈታል። ሦስታችንም በሌሊት ልብሳችን ላይ ካፖርት ደርበን ወጣን። አምፔሊዮ ኤልቪራን በክብ እንጨቶች ላይ አድርጎ እያንከባለለ ወደ ቦዩ ይገፋታል። አረንጓዴ ቀለሟ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይረግፋል፤ በሳንቃዎቿ መሀል ብርሃን ያልፋል። ቱሊዮ ሊያግዘው ሮጠ፤ ሽማግሌው ግን በክርኑ ገፋው። ብቻውን ከደረጃው አወረዳት፤ ውኃው ላይ ተንሳፈፈች። ወዲያው ውኃ በየስንጥቁ ይፈልቅባት ጀመር። መጀመሪያ ወለሏ፣ ከዚያ መቀመጫዋ ጠለቀ፤ በመጨረሻ ሁለቱ ጠርዞቿ ብቻ እንደ ከንፈር ቀርተው መላ አካሏ ተዋጠ። አምፔሊዮ ገመዷን ከብረት ቀለበቱ ጋር አሰረ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ማንንም ሳያይ ገባ።

ኤዚዮ ፊቱ ነጭ ሆነ። "አሰመጣት! እማዬ፣ አየሽው? አንቺን ለማናደድ የአባቱን ጀልባ አሰመጣት! ምን ዓይነት ልብ ነው ይሄ?"

እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ሃምሳ ዓመት ዓሣ ብሸጥም ጀልባ ላይ ያደግኩ ሰው አይደለሁም።

ኦሊቫ ግን የቦዩ አፋፍ ድረስ ሄዳ ተንበረከከች። እጇን ውኃው ውስጥ ከታ የጀልባዋን ጠርዝ ዳበሰች። ስትዞር ጉንጯ ረጥቦ ነበር፤ በእንባ ይሁን በውኃ አላወቅኩም።

"እየጠጣች ነው" አለች።

"ምን?" አለ ኤዚዮ።

"አንተ የፓዶቫ ልጅ፣ ምን ታውቃለህ! የደረቀ እንጨት ውኃ ጠጥቶ ካላበጠ ስንጥቁ አይገጥምም። አባቴ የብርዱን ወራት መጋዘን ከርማ ስትወጣ ሁልጊዜ እንዲህ ያሰምጣት ነበር። ቀን ከሌት ትጠጣለች፣ ትጠጣለች፣ ስትጠግብ ይገጥማል። ያን ጊዜ ውኃውን ጨልፎ ያወጣዋል።" ከዚያ ወደኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሊወስደኝ ነው፣ ቁራ። ሊወስደኝ ነው።"

ኤዚዮ ስልኩን አውጥቶ ቢሮው ደወለ። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፤ ሲጨርስ ግን እናቱን ግንባሯን ስሞ፣ "እሑድ እመለሳለሁ። እስከዚያ ዝናብ ውስጥ አትቀመጪ" ብሏት ሄደ።

ኤልቪራ ስትጠጣ ሰነበተች። ገበያተኛው ሁሉ እያለፈ ይጠይቃታል፤ የታመመ ሰው የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። "እንዴት አደረች?" ይላሉ። አምፔሊዮ በየጠዋቱ ጎንበስ ብሎ ሳንቃዋን በጣቱ ያንኳኳል፤ ድምፁን ያዳምጣል። ኦሊቫ ከወንበሯ ሆና ታዳምጠዋለች። ሁለቱም አሁን ስለ ጀልባዋ ብዙ የሚሉት ነገር አላቸው፤ የሚሉት ግን ለእኔ ነው።

"ቁራ፣ በቀኝ በኩል፣ ከኋላዋ፣ አባታችን የጠገናት ቦታ አለ። እሱን ይየው በይው።"

"ቁራ፣ አይቼዋለሁ በያት። ጀልባዋን የያዝኩት እኔ ነኝ ወይስ እሷ?"

"ቁራ፣ ከያዛትማ ለምን ደረቀች በይው።"

"እኔ ስልክ አይደለሁም!" ብዬ ጮህኩ። "ዓሣ ልሽጥበት!" ደንበኞቼ ሳቁ፤ ሁለቱ ምስማሮች ግን ግራ የገባቸው ይመስል ነበር። እኔ ከመሀል ብወጣ ዓለም እንዴት እንደምትቆም የሚያውቁ አይመስሉም።

ቅዳሜ አምፔሊዮ ውኃውን በባልዲ ጨልፎ አወጣው። የቀሩትን ስንጥቆች በቃጫና በዝፍት ደፈነ። ኤልቪራ ቀና ብላ ተንሳፈፈች። እሱም ቀና ሲል ወገቡን ይዞ ትንሽ ቆየ፤ ከሰባው በላይ ነው እኮ። ከዚያ በማዶ ጠራኝ።

"ነገ ከምሳ በኋላ ባሕሩ ሸሽቶ የቦዩ ውኃ ይጎድላል። ድልድዮቹ ስር ለማለፍ ያ ሰዓት ነው። ካረፈደች ግን ቆሜ አልጠብቅም በያት።"

"እሱ ሳይወለድ እኔ ጫማዬን አድርጌ እጠብቅ ነበር በይው" አለች ኦሊቫ።

እሑድ ኤዚዮ ያለ ክራባት መጣ። አምፔሊዮ ጀልባዋን ደረጃው ጋ አስጠጋ። ኦሊቫ ከዘራዋን ለልጇ ሰጥታ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመች፤ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ያበቀለና የሚያንሸራትት ደረጃ ነው። እግሯን ዘረጋች፤ መለሰች። ጠርዙ አይታያትም። አምፔሊዮ እጁን ዘረጋላት። ዳብሳ አገኘችው። 

"ቁራ፣ እጁ በረዶ ነው በይው።"

"ቁራ፣ ክብደት ጨምራለች በያት።"

ገብታ ተቀመጠች። ሽማግሌው መቅዘፊያውን አነሳ፤ ግን አልገፋም። ወደኔ አየ። እሷም ወደኔ ዞረች።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ። "ግቢ እንጂ! ያለ አንቺ እንዴት ልንነጋገር ነው?"

እንግዲህ ሽርጤን እንደለበስኩ፣ መደቤን ለቱሊዮ አደራ ሰጥቼ ገባሁ። ኤዚዮ በዳር በዳር እየተከተለን ይሄዳል።

የቦዩን የላይኛውን ጫፍ ነክተን ዞረን ጀመርን። አምፔሊዮ ከኋላ ቆሞ ይቀዝፋል፤ የሚሰማው መቅዘፊያው ከመያዣው ጋር ሲፋተግ ብቻ ነው። ኦሊቫ አንገቷን ወደ ግራ ትሰብራለች፣ ወደ ቀኝ ትሰብራለች፤ በዳር ዓይኗ ቤቱን፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ፣ የታሰሩትን ጀልባዎች ትለቅማለች። አንድም እንዳያመልጣት ቸኩላለች።

"ቁራ፣ ያ ቢጫው ምንድነው?"

"እ... ፋርማሲው መሰለኝ" አልኩ፤ ከውኃው ላይ ሆኜ አይቼው አላውቅም።

"የምን ፋርማሲ!" አለ አምፔሊዮ በንዴት። "የገመድ ሠሪው ኔኔ ቤት ነው!"

ያን ያለው ለእኔ አልነበረም። እኔም ገባኝ፣ እሷም ገባት። መቅዘፊያው እንኳ አንዴ ሳተ።

"የኔኔ ቤትማ ቀይ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"ቀለም ቀቡት።"

"መቼ?"

"አንቺ ባልነበርሽበት ጊዜ።"

አንድ ድልድይ ደረሰ። "ጎንበስ በይ" አላት። ጎንበስ አለች፤ ከስር ስናልፍ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እርጥቡን ሸክላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው። ከዚያ ወዲያ እሱ ሳይጠየቅ ይናገር ጀመር። ይሄ የእገሌ በር ነው፤ እገሌ ሞተ፣ ልጁ ሸጠው። እዚህ ጋ አባታችን የወደቀበት ደረጃ፤ አሁን ሲሚንቶ አደረጉት። እዚያ መስኮት ላይ ያለችው ሴት እጇን እያውለበለበችልሽ ነው፤ ማን እንደሆነች አላውቅም፤ አንቺም አውለብልቢላት። በአንድ ከሰዓት የተናገረው እኔ በአሥር ዓመት ከሰማሁት ይበልጣል። እኔ መሀል ላይ እንደ ጆንያ ተቀምጬ ነበር፤ ማንም ቁራ ብሎ አልጠራኝም።

ከመጨረሻው ድልድይ ስር ስንወጣ ቦዩ አለቀና ሰፊው ውኃ ተከፈተ። ነፋስ መጣ። አምፔሊዮ መቅዘፉን አቆመ፤ ጀልባዋ ባለችበት ዋለለች።

"አምፔሊዮ" አለች ኦሊቫ፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አድርጋ። "እማዬን ልመልሳት ይገባኝ ነበር።"

"ሰምቼዋለሁ። ያን ለት ለልጅሽ ስትነግሪው።"

"ታዲያ ሰምተህ ለምን አንድ ቃል አላልክም?"

"ጀልባዋን አወጣኋት አይደል?"

ሳቀች፤ ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው። እሱ አልሳቀም። መቅዘፊያው ላይ ተደግፎ ወደ ታች እያየ፣ "እኔም መጥቼ ልወስዳት እችል ነበር" አለ። "ጀልባ ነበረኝ፣ ጉልበት ነበረኝ። ፓዶቫ ምን ያህል ሩቅ ነው? አንቺ ራስሽ መልሰሽ እንድታመጫት፣ ተሸንፈሽ እንድትመጪ ፈልጌ ቀረሁ። እሷ በመሀል ሞተች። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

ኦሊቫ እጇን ወደ ኋላዋ ዘርግታ የእግሩን ቁርጭምጭሚት አገኘችና ያዘችው። እኔ ባሕሩን አየሁ። ሰው እንዲህ ሲሆን ባሕር ማየት ነው የሚሻለው።

ስንመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ሆነ። ሽማግሌው ትንሽ እንደቀዘፈ ትንፋሹ አጠረ፤ ጀልባዋ አንድ ክንድ ትሄዳለች፣ ግማሹን ትመለሳለች። ኦሊቫ ትንፋሹን ስታዳምጥ ቆይታ ተነሳች።

"ሁለተኛውን መቅዘፊያ ስጡኝ።"

"ተቀመጪ!" አለ።

"እናትና አባቴ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ስጠኝ አልኩ!"

"አታይም እኮ!"

"ቤቱ ወዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ለመቅዘፍ ወገብ እንጂ ዓይን ማን ጠየቀ? አንተ ግራ ቀኝ በለኝ።"

ሰጠኋት። ከፊት ቆመች፣ እግሯን ከፈተች፣ መቅዘፊያውን መያዣው ላይ ፈልጋ አስቀመጠች። የመጀመሪያው ምት ውኃ ረጨብኝ። ሁለተኛው አየር መታ። ሦስተኛው ያዘ፤ ጀልባዋ ወደ ፊት ተስፈነጠረች። ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች። ምት ከምት ገጠመ። ከኋላ አምፔሊዮ፣ "ግራ! ቀጥ በይ! ጎንበስ!" እያለ ይጮኻል። ከዳር ኤዚዮ፣ "እማዬ፣ ተቀመጪ! እማዬ፣ እባክሽ!" እያለ ይሮጣል። ገበያው ጋ ስንደርስ ሰው ሥራውን ትቶ ዳር ላይ ተኮልኩሎ ነበር፤ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከዚያ ሁሉም።

"ቀኝ! ቀኝ አልኩሽ!" አለ አምፔሊዮ።

"ቀኝ እየሄድኩ ነው እኔም!" አለችና የቱሊዮን ሞተር ጀልባ ጎኗን በኤልቪራ አፍንጫ ደህና አድርጋ ገጨቻት።

"ጀልባዬን!" አለ ቱሊዮ ራሱን ይዞ።

"መሀል መንገድ ላይ ማን አስር አለህ?" አለችው።

ያን ለት ማታ ኤዚዮ የእናቱን ሻንጣ መኪናው ውስጥ ሊከት ሲል፣ "እዚህ ነኝ" አለችው። ተከራከራት። ሐኪሙስ፣ ደረጃውስ፣ ውኃ ዳር ብትወድቂስ አላት። ለሁሉም መለሰችለት። አምፔሊዮ አልተናገረም፤ ብቻ ሻንጣውን ከኤዚዮ እጅ ወስዶ ይዞ ወደ ቀዩ ቤት ገባ። ኤዚዮም ተከትሎ ገባና አልጋውን ከምድር ቤቱ መስኮት ጋ አስጠግቶ አነጠፈላት።

መስከረም ላይ ዳሩም ሄደ። ሐኪሙ ያለው ሆነ። ጥቂት ሳምንት ከሰው ጋር አልተነጋገረችም፤ አምፔሊዮም ውጪ ግቢ አላላትም፣ በቃ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ከውስጥ፣ "ይሄን ቡና ማን ነው ያፈላው? የእግር መታጠቢያ ነው እንዴ?" የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ቱሊዮ ባርኔጣውን አንስቶ አማተበ። አሁን ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ፤ መልእክተኛም አያስፈልጋቸውም።

ኤዚዮ በየእሑዱ ይመጣል። መቅዘፍ አስተምሪኝ ብሏት፣ እሷ ከፊቱ ተቀምጣ በጆሮዋ ታስተምረዋለች። "ቀደምክ፣ አሁን ዘገየህ፣ እጅህን ሳይሆን ወገብህን!" ትለዋለች። መዳፉ ውኃ ቋጥሮ ፈንድቶ ጠጥሯል። ባለፈው እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ቬናን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀዘፋት። አምፔሊዮ ከዳር ሆኖ አየውና፣ "ይሄ ልጅ ከገና እስከ ፋሲካ ቢቀዝፍ ሰው ይሆናል" አለኝ። እኔም ሄጄ ለኤዚዮ ነገርኩት፤ ያ ሽማግሌ ሰው ሲያመሰግን በሕይወቴ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።